ለአባቴ፣ ከኢየሩሳሌም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመምስ ቀለል አለልዎ? እኔ እመቤታችን ትመስገን፣ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። የማስታምማቸው ባልቴት በዚህ ሳምንት ብርዱ በርትቶባቸው ከአልጋ ስላልወረዱ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ወንድሜ ልጅ ነው። ፒያኖ ልማር ብትል «የመሪጌታ የልጅ ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብለው መከልከልዎን ሰማሁ። በስልክ ባነሳው ተቆጥተው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ ግን ጀምረው እንደማይጥሉ አውቃለሁ።

ባልቴቷ ሳሎናቸው ውስጥ አሮጌ ፒያኖ አላቸው። በየዓርቡ አቧራውን የማነሳው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጥቁር ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተራ በተራ ብነካቸው የሀገር ቤት ዜማ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ደንግጬ እጄን ሰበሰብሁ። ባልቴቷ ስቀው በየዙሩ አምስት ስለሆኑ ነው አሉኝ፤ የእኛም ቅኝት አምስት ድምፅ ነውና። ከዚያ አንድ ሸክላ አወጡና «ይህችን የሀገርሽን መነኩሲት አታውቂያትም?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቃቸውም ነበር። አፈርሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ የኖሩት እኔ በየሰንበቱ በምሳለመው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም፣ ፒያኖ በያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። እኔ እዚህ ስገባ አልደረስሁባቸውም።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፣ የዓለም ስማቸው የውብዳር። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከነቤተሰባቸው ተግዘው በጣሊያን አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ አምስቱን በቫዮሊን፣ አራቱን በፒያኖ። እርስዎ ድጓ ሲቀጽሉ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ሲያጫውቱን ትዝ አለኝ።

ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል አግኝተው ሳለ ከሀገር እንዳይወጡ ተከለከሉ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በቅጡ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ምግብ አልበላም ብለው ተኙ፤ ታመው ሥጋ ወደሙ እስኪጠይቁ ደረሱ። ከዚያ ሲነሡ ፒያኖውን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፣ መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ።

አባቴ፣ ይህን ሁሉ የተረክሁልዎ ለሚቀጥለው ነው። ከግሸን ከወጡ በኋላ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር መጡ። በየማለዳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ብርድ የጨበጣቸው ልጆች ተኝተው ያያሉ። እነማን ናቸው ብለው ቢጠይቁ፣ ከሩቅ ሀገር ትምህርት ፍለጋ መጥተው ለምነው የሚበሉ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው ተባሉ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ያላቸውን፣ ማለት ፒያኖ መጫወታቸውን፣ ሊሰጡ ቆረጡ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ሀገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ልጆች እንዲውል ነበር።

ዘመኑን ቆጠርሁት። እርስዎ በዚያን ጊዜ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉበት ነው። ባትዎ ላይ ያለው የውሻ ንክሻ የዚያ ዘመን አይደለም? ከእነዚያ ከተኙት አንዱ እርስዎ ነበሩ አልልም። ግን ማን ያውቃል?

ዜማውን ደግሞ ሰማሁት። መጀመሪያ የፈረንጅ መሰለኝ፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ጆሮዬን ስጥል ግን የእርስዎን ድምፅ አገኘሁ። ፒያኖ እንደ ጉሮሮ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት አይችልም፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው ነው። እሳቸው ግን ጎረቤታሞቹን ቁልፎች ቶሎ ቶሎ እየነካኩ ያርከፈክፉታል፤ ያ ከያሬድ ዜማ ምልክቶች አንዱ የሆነው ርክርክ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እርስዎ በበረንዳው ላይ በቀስታ ሲያዜሙ መጨረሻው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት።

አንድ ነገር ቆጭቶኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የእማሆይን ድርሰቶች በመጽሐፍ ያሳተመችው አንዲት እስራኤላዊት ፒያኖ ተጫዋች ናት፤ የኖታ ወረቀቶቹንም ያገኘችው በፌስታል ታጭቀው ነው። እኛ የት ነበርን? እኔ ራሴ ያወቅኋቸው በማጸዳው ቤት ሸክላ አይደል።

ለልጅቱ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ክፍያ ለወንድሜ ልኬአለሁ፤ እርስዎ ካልፈቀዱ ግን አይነካም። ዜማውንም ስልኳ ላይ ጭኜላታለሁ። ከሰርክ ጸሎት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙት። ርክርኩን ካጡበት ይከልክሏት፤ እኔም ሁለተኛ አላነሳም።

የጉልበት ቅባቱንና ወፍራም ካልሲ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። መልስ ሲጽፉልኝ በየትኛው ደብር ደጅ ያድሩ እንደነበር አይርሱብኝ።

ናፋቂ ልጅዎ