ከደሞዜ የቆረጣችሁት ብር የት ገባ?

ይድረስ ለከተማችን የእግር ኳስ ክለብ የበላይ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

አደባባይ የወጣሁት በቢሮ በኩል ስላልሆነልኝ ነው። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ መልሱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ስብሰባችሁን ያብዛላችሁ።

ነገሩን ያውቁታል፤ ግን ልድገመው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ደሞዝ ስቀበል «ለክለብ ድጋፍ» ተብሎ ተቆርጦ አገኘሁት። የፈረምኩበት ወረቀት የለም። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ «ሁሉም ሠራተኛ ተስማምቷል» ተባልኩ። እኔ ከሁሉም ውስጥ የለሁበትም ማለት ነው? ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ደሞዝ እንደማይነካ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ክለቡን ጠልቼ አይደለም። በ2015 ዓ.ም ሊጉን ሁለተኛ ሆነን ስንጨርስ ጮቤ ረግጫለሁ። ግን ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አልፈን የታንዛኒያውን አዛም የት አስተናገድን? አዲስ አበባ! ስታዲየማችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት ስላላሟላ የበሩም፣ የሆቴሉም፣ የባጃጁም ገቢ ተጠቃሎ አባይን ተሻገረ። የገዛ ሜዳው ላይ ትልቅ ጨዋታ ማስተናገድ ያልቻለ ክለብ በምን ይነግዳል? ያው በበጀት። በጀቱ ሲያጥር ደግሞ በእኔ ደሞዝ።

ወጪውስ? በ2011 ዓ.ም ማብቂያ የተጫዋች ደሞዝ ጣሪያ በወር 50 ሺህ ብር ነው ተብሎ ነበር። ጣሪያው ስንት ቀን እንደቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ወሬውን ውሸት የሚያሰኝ የሒሳብ ሪፖርት ግን አላየሁም።

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባል የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አለ። ከተማው ከባሕር ዳር ያንሳል። የቡድኑ ባለቤቶች ግማሽ ሚሊዮን የሚያልፉ ተራ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ትርፍ አይከፈላቸውም፤ አክሲዮናቸውንም አትርፈው መሸጥ አይችሉም። ሆኖም በየዓመቱ ሒሳቡ በግልጽ ይነገራቸዋል። ዛሬ የቡድኑ ዋጋ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። በእርግጥ የሊጉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ስለሚካፈል ነው እንዲህ የከበረው፤ ከእኛ ጋር አይወዳደርም። እኔም ቢሊዮን አልጠየቅኩም። እነሱ ወደውና ፈርመው ነው የገዙት፤ እኔ ሳልፈርም ከፍያለሁ፤ ሪፖርቱ ግን ለእነሱ እንጂ ለእኔ አልደረሰም።

ስለዚህ በኦዲተር የተመረመረው ሒሳብ ይውጣ። እስከዚያው ከደሞዜ የሚቆረጠው እንዲቆም፣ የተወሰደውም እንዲመለስልኝ ለመሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ግልባጩ እርስዎ ቢሮ ገብቷል። መዝገብ ቤት ይጠይቁ፤ ቁጥር አለው።

ደሞዙ የተቆረጠበት ደጋፊ