ቅባቱን ተይውና እግሩን ይዘሽ ሂጂ

ውድ እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ማን ቀድሞ እንደጠፋ ብንቆጥር መጣላታችን ነው፣ ስለዚህ ይቅር። ታናሽ እህትሽ ለሥራ አዳማ መጥታ ቡና ላይ ወሬሽን ሁሉ አወጣችው። የተቆረጠው እግርሽ ቆስሎ፣ ሰው ሠራሹን እግር አልጋ ሥር ከተሽ፣ ሐዋሳን በክራንች ነው የምትዞሪው አሉ። የቀባሽውን ስትዘረዝርልኝማ ቡናው አልወርድ አለኝ። ቫዝሊን፣ እሬት፣ ቅቤ፣ በዚያ ላይ ከፋርማሲ የተገዛ ነጭ ቅባት!

ሐኪም አይደለሁም። ግን እንደ አንቺው እግሬ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ነው፤ በዚህ በናዝሬት ሙቀት ሰው ሠራሽ እግር አድርጌ ስውል ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ስሚኝ። ያንቺ ቁስል ከቆዳሽ የመጣ አይመስለኝም። ከሶኬቱ ነው፤ ጉቶሽ፣ ማለትም የተቆረጠው እግርሽ ቀሪ፣ ከሚገባበት የፕላስቲክ ቀፎ። ሶኬቱ ሳይስተካከል ቅባት መደራረብ፣ ጫማሽ እየላጠሽ ተረከዝሽን እንደ ማሸት ነው።

የውስጥ እግር ቆዳ ክብደት ለመሸከም የተፈጠረ ነው። የቅልጥም ቆዳ ግን አይደለም። እኛ ደግሞ ሰውነታችንን እሱ ላይ ጭነን አየር በማይገባው ፕላስቲክ እናፍነዋለን። ላብ ያርሰዋል፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። በዚያ ላይ አንቺ እግሩን ያገኘሽው አምና ነው። በመጀመሪያው ዓመት እብጠቱ ይጎድላል፣ ጡንቻውም ይሰልላል፣ ጉቶው ይከሳል። ያኔ ልክ የነበረው ሶኬት ይሰፋል። እግርሽ ወደ ታች ይሰምጥና አጥንቱ ከፕላስቲኩ ጋር ይጋጫል። ጠዋት ልክ ሆኖ ከሰዓት የሚላላም አለ። ለእሱ መፍትሔው ጉቶው ላይ ካልሲ መደረብ ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ካልሲ አይጠፋም። ብቻ እጥፋት አይኑረው። አንዲት እጥፋት ቆዳውን ውኃ ታስቋጥራለች፤ ውኃ የቋጠረውን ደግሞ አታፍርጪው።

አሁን ቁስሉ የት ላይ እንደሆነ በመስታወት እይ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት እብጠት ላይ ወይም ቅልጥሙ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ሶኬቱ እዚያ እየጫነ ነው። ከጉልበት ኋላ ከሆነ ጠርዙ ነው፤ ቡና ስታፈዪ በርጩማ ላይ ዝቅ ብለሽ ስትቀመጪ ይነክስሻል። የጉቶው ጫፍ ጠቁሮና ደድሮ ኪንታሮት የመሰለ ነገር ካወጣ፣ ጫፉ ከሶኬቱ ወለል ጋር አልተገናኘም፣ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ትንንሽ ብጉር የጸጉር ሥር ላይ ከሆነ ደግሞ እየላጨሽው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እባክሽ አትላጪው። ዙሪያውን የሚያሳክክና የሚቀረፍ ክብ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ነጩ ቅባት ያስፈራኝም ለዚህ ነው። ቤታሜታዞን ዓይነት ስቴሮይድ (ማሳከክና ቅላት የሚያበርድ መድኃኒት) ካለበት ማሳከኩን ያስታግስና ፈንገሱን ያደልበዋል። ሲደጋገምም ቆዳ ያሳሳል። ቱቦውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም አሳዪ።

«ይለመዳል» ያለሽ ባለሙያ አለ አሉ። ቆዳ ትንሽ ይጠነክራል፣ እውነት ነው። ቁስል ግን አይለመድም። እኔ የምለካው እንዲህ ነው። እግሩን ሳወልቅ የቀላው ቦታ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ግድ የለኝም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካልጠፋ ሰው ሠራሹን እግር ወደሚሠራው ቴክኒሻን እሄዳለሁ። አንቺም ሂጂ። ስትሄጂ ሁልጊዜ የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ፤ ተረከዙ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ጫናው ቦታ ይቀይራልና። ሊፒስቲክም ያዢ። አትሳቂ! ቆዳው ካልተከፈተ የሚያመው ቦታ ላይ ይቀባና ሶኬቱ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። የኛ ዓይነቱ ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ እዚያችው ላይ ገፋ ያደርጉታል። ጉቶው በጣም ከከሳ ግን አዲስ ሶኬት ነው፣ አትከራከሪ።

እስከዚያ ቁስሉ እስኪዘጋ እግሩን አታድርጊ፤ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ግን ጉቶውን ባዶውን አትተዪው። ያብጥና በኋላ ሶኬቱ አልገባም ይልሻል። ቁስሉን በንጹሕ ጎዝ ሸፍነሽ በላስቲክ ፋሻ አመሳቅለሽ ጠቅልዪው፤ ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። እንዴት እንደሚጠቀለል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይሽ። ጉልበትሽን አጥፈሽ አትዋዪ፣ ትራስም ከሥሩ አታድርጊ። ጉልበት ታጥፎ ከደረቀ ከቁስሉ የባሰ ጣጣ ነው።

እጥበቱ ማታ ይሁን፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በደንብ አለቅልቀሽ። ጠዋት ከታጠብሽ ቆዳው እርጥብ እያለ ሶኬት ይገባል። አልኮልና በረኪና አታስጠጊ። ካልሲው በየቀኑ ይታጠብ፤ እኔ እዚህ በሙቀቱ ወራት በቀን ሁለቴ እቀይራለሁ። ለስላሳውን የሶኬቱን የውስጥ ስፖንጅም ጥረጊው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጪው። ቅባት ካማረሽ ማታ፣ እግሩን አውልቀሽ።

አንቺ ስኳር ስለሌለብሽ ሕመሙ ያስጠነቅቅሻል። ስኳር ያለበት ሰው በዓይኑ እስኪያየው ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም መግል ከያዘ፣ ቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቴክኒሻኑ ይቆይ፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት።

ሶደሬ እንሂድ ብለሽ ነበር አሉ። ቁስል ይዘሽ ፍል ውኃ ውስጥ? ሲደርቅ እንሄዳለን። አሁን የቁስሉን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የሶኬቱን ውስጥም ጨምሪ። መቼ ቀጠሮ እንደያዝሽም ጻፊልኝ። ካልያዝሽ ራሴ መጥቼ ነው የማስይዝሽ፣ አውቶቡሱ እንደሆነ አይጠፋም።

እማማን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከአዳማ