ጠፍቼብሽ ከረምኩ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከጠፋሁብሽ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመጨረሻው መልእክትሽ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ተቀየምሽኝ እንዴ?» ይላል። አልተቀየምኩሽም። ያን ሰሞን ሥራው መተንፈሻ አሳጥቶኝ ነበር። ነገ ረጋ ብዬ እመልስላታለሁ ስል አደረ። ሲቆይ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ደግሞ መጻፉ ይበልጥ ከበደኝ። አንቺ በዚያ ዝምታ ምን ምን እንዳሰብሽ ሳስበው ያመኛል። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ወሬ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሁሉም ክፍል አብሮ የሚሠራበት የኦንላይን መድረክ ሊዘረጋ ነው፣ ኃላፊነቱም አንቺ ላይ ወድቋል ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ፈራሁልሽም። እኔን ሁለት ዓመት የበላኝ እሱው ሥራ ነዋ። ያየሁትን ሳልነግርሽ ብቀር ሌላ በደል ይሆንብኛል።

እኛ ስንጀምር ችግሩ የቴክኖሎጂ መስሎን ነበር። ስልጠና ሰጠን፣ ለሁሉም አካውንት ከፈትን፣ መመሪያ በተንን። ሰዉም ቀስ በቀስ መግባት ጀምሮ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ።

ሦስት ክፍሎች በጋራ የሚሞሉት የበጀት ሠንጠረዥ ነበረን። አንዲት ልጅ፣ ከተቀጠረች ገና አምስት ወሯ፣ አንድ ወጪ ሁለት ቦታ መግባቱን አየችና አስተካከለችው። ድምሩ ወረደ። የሌላው ክፍል ባልደረባ ቁጥሩ መቀየሩን ሲያይ የለውጥ ታሪኩን ከፈተ። ስሟ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ስክሪንሾት አነሳ። ስሟን በቀይ አክብቦ የኃላፊዎች ግሩፕ ላይ ለቀቀው። «ቁጥራችንን ማን ፈቅዶላት ነው የምትነካው?» ብሎ ጽፎበታል። እሷን የጠየቃት ሰው የለም። አመሻሽ ላይ ልክ እንደነበረች ተረጋገጠ። ግሩፑ ላይ ግን ይህን የጻፈ አንድም ሰው አልነበረም። ከማግስቱ ጀምሮ ሠንጠረዡን የሚነካ ጠፋ። ሁሉም የራሱን ኮፒ እያወረደ ለብቻው መሥራት ያዘ። ልጅቷም ኮመንት መጻፍ አቆመች።

እኔ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። አየሁት። ምንም አልተናገርኩም።

የሚያሳዝነው ያው የለውጥ ታሪክ ሰውን ሊያደፋፍር የሚችል መሆኑ ነው። ዊኪፒዲያን አስቢው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ አንስቶ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያርማሉ። የተበላሸው ገጽ በቀላሉ ወደነበረበት ስለሚመለስ መሳሳት ያን ያህል አያስፈራም። ከመመሪያዎቻቸው አንዱ ደግሞ ሌላው ሰው በቅን ልቦና እንደሠራው አስበህ ተነሳ ይላል። እኛ ግን መዝገቡን ክስ ማቅረቢያ አደረግነው።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ዋንዳ ኦርሊኮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡትን ጥናት አነበብኩ። አንድ ትልቅ የማማከር ድርጅት ሠራተኞቹ የሚያውቁትን እንዲካፈሉ ብሎ ሎተስ ኖትስ የተባለውን ሶፍትዌር አስገባ። ሰዎቹ ግን ብዙም አልተካፈሉም። እዚያ ቤት እድገት የሚገኘው ከባልደረባ በልጦ በመታየት ነበር። ታዲያ ማን የሚያውቀውን አውጥቶ ይሰጣል? ስለዚህ እህቴ፣ መድረኩን ከመክፈትሽ በፊት የሠራተኛ ምዘናውን ቅጽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሌላውን ክፍል ያገዘ ሰው እዚያ ላይ ምን ያገኛል? ምንም ከሌለ ለአለቆችሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። በኋላ የሚወቀሰው ሶፍትዌሩ ነው፣ ከሶፍትዌሩ ቀጥሎ አንቺ።

ሌላው ያነበብኩት ልቤን ነክቶታል። ካትሪን ክራምተን የተባሉ ተመራማሪ ተራርቀው በሚሠሩ 13 ቡድኖች ላይ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥተዋል። ከችግሮቹ አንዱ ዝምታን መተርጎም ነው። መልስ ያልሰጠ ሰው ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። ተቃውሞም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም መልእክቱ ጭራሽ አልደረሰውም። ራቅ ብሎ ያለው ባልደረባ ግን ያ ሰው ምን እንደገጠመው ስለማያውቅ ጠባዩን ይወቅሳል። ሰነፍ ነው፣ ንቆናል ይላል። ይህን ያነበብኩ ዕለት «ተቀየምሽኝ እንዴ?» ያልሽኝ ትዝ አለኝና ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

እኛን ወደ ቦታችን የመለሰን አዲስ የመጡት ኃላፊያችን ናቸው። ስብሰባ አልጠሩም። የዓመቱን እቅዳቸውን ገና ግማሹ ላይ እያሉ ለሁሉም ከፈቱት። ከላይ «ይህ አላለቀም። የእቅዱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እርዱኝ» ብለው ጻፉ። ሁለት ቀን ማንም አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ያቺ ልጅ አንድ መስመር ጻፈች። «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ቀን ከሠንጠረዡ ጋር አይገጥምም።» እሳቸውም እዚያው ሥር «ልክ ነሽ፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ አስተካክያለሁ። አመሰግናለሁ» ብለው መለሱ። በውስጥ መስመር አይደለም ያመሰገኗት፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ነው። በዚያው ሳምንት ከዚህ በፊት አንድ ቃል ጽፈው የማያውቁ ሰዎች ኮመንት ሲጽፉ አየሁ።

እኔም ያኔ ነው ድፍረት ያገኘሁት። ስክሪንሾቱ የተለቀቀበት ግሩፕ ላይ ገብቼ፣ ልጅቷ ያኔ ልክ እንደነበረች፣ እኔም እያወቅኩ ዝም ማለቴን ጻፍኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ለእሷም ላኩላት። «አይቼዋለሁ» ብላ ብቻ መለሰች። ከዚያ በላይ የመጠየቅ መብት አልነበረኝም።

የቀረው ትናንሽ ነገር ነው፣ ግን አትናቂው። በውስጥ መስመር ውሳኔ የተሰጠበት ነገር ያንኑ ቀን ገጹ ላይ ይጻፍ። ለጥያቄ ወዲያው መልስ ባይኖርሽ «አይቼዋለሁ፣ ሐሙስ እመለስበታለሁ» በይ፣ ሐሙስ ደግሞ ተመለሺ። የደሞዝ፣ የጤናና የቅሬታ ፋይል ይዘጋ፤ የተረፈው ለንባብ ክፍት ይሁን። ሊንክ በከፈተ ቁጥር «ፈቃድ የለዎትም» የሚባል ሰው እንግዳ እንደሆነ ነው የሚሰማው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንሽ። ማን ስንት ሰዓት ኦንላይን እንደዋለ ቁጠሪልን ካሉሽ እሺ አትበይ። ማይክሮሶፍት እንኳ ፕሮዳክቲቪቲ ስኮር በሚለው አገልግሎቱ የእያንዳንዱን ሠራተኛ አጠቃቀም በስም በማሳየቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ስሞቹን እንደሚያነሳ አስታውቋል። እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው ገጹ ላይ ይገኛል እንጂ ያሰበውን አይጽፍም። በዚህ ላይ ከአለቃ ጋር መጋጨት ካለብሽ ተጋጪ።

እቅዱን መጻፍ ጀምረሻል አሉ። እስኪያልቅ አትጠብቂ፣ ሊንኩን እንዳለ ላኪልኝ። እስከ እሁድ ማታ አንብቤ ኮመንቴን እጽፍልሻለሁ። ለደብዳቤዬ ረጅም መልስ አልጠብቅም። «ደርሶኛል» ካልሽኝ ይበቃኛል።

በጣም የናፈቅሽኝ ጓደኛሽ