ደብዳቤ ለልጄ፦ ከ204 እና ከ223 የትኛው ይሻልሻል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ማሳሽን እየቦረቦሩ ሰብልሽን የሚያጠፉትን ትናንሽ እንስሳት ለመከላከል ልትገዢው ያሰብሽው ጠመንጃ የ204 ሩገር ጥይት የሚተኩስ ይሁን ወይስ የ223 ሬሚንግተን፣ ምክሬን ጠይቀሽኛል። ሁለቱም መልካም ጥይቶች ስለሆኑና የሚለያዩትም በጥቃቅን ነገሮች ስለሆነ፣ ረጋ ብለሽ እንድታነቢው በጽሑፍ ማስፈሩን መረጥሁ።

ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ሬሚንግተን የተባለው ፋብሪካ 222 ጥይት በ1950 ገበያ ላይ ዋለ፤ የእርሱ ቀለህ ረዘም ተደርጎ የተሠራው 223 ደግሞ በ1964 ተከተለ። በ2004 ጥይት ሠሪው ሆርናዲና ጠመንጃ ሠሪው ሩገር በጋራ ያወጡት 204፣ ከዚያው ዘር የሆነውን የ222 ማግነምን ቀለህ አንገቱን አጥብቦ የተሠራ ነው። በዚህም ምክንያት የሁለቱ ቀለህ የታችኛው ክፍል ውፍረት አንድ ነው፤ ለሁለቱም የሚሠሩት ጠመንጃዎች በመጠንም በክብደትም ይቀራረባሉ። የሚለያዩት በአረሩ ነው፤ የ204 አረር ስፋቱ 5.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የ223 ደግሞ 5.7 ገደማ ነው።

የፋብሪካዎቹ ሠንጠረዦች እንደሚያሳዩት፣ 32 ግሬን (2 ግራም ያህል) የሚመዝነው የ204 አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 1,290 ሜትር ይፈጥናል፤ 40 ግሬን የሚመዝነው ወደ 1,190 ሜትር። በ223 በብዛት የሚተኮሰው 55 ግሬኑ አረር ደግሞ 990 ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሚመስል ብዙ ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ ይማረካል። ይሁን እንጂ ክብደትንና ፍጥነትን አንድ ላይ ስታሰቢው፣ የሦስቱም ጉልበት ከአፈሙዙ ላይ ከ1,700 እስከ 1,850 ጁል ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ «የትኛው ይበልጥ ይመታል?» የሚለው ጥያቄ አንቺ ለምትፈልጊው ሥራ ብዙም ትርጉም የለውም፤ አጠገብሽ ያሉት እንስሳት ለየትኛውም ጥይት ትንሽ ናቸው።

ትርጉም ያለው ጥያቄ አረሩ በሩቅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ጠመንጃሽን በ200 ያርድ (183 ሜትር ያህል) ላይ ዒላማውን እንዲመታ ካስተካከልሽው፣ በ300 ያርድ የ204 አረር 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሲመታ፣ የ223 55 ግሬኑ ግን ከ15 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይወርዳል። ይህ ራሱን የቻለ ችግር አይደለም፤ አወራረዱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ይለመዳል። ነፋስ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከጎን የሚነፍሰው ነፋስ በማሳው መካከል ሌላ፣ በዛፎቹ ጥላ ሌላ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ተኳሽን የሚያሳስተው ከርቀት ይልቅ እርሱ ነው። እዚህ ላይ 40 ግሬኑ የ204 አረር ከ55 ግሬኑ የ223 አረር ያነሰ ይገፋል፤ ፈጣን ብቻ ሳይሆን አየርን ለመሰንጠቅም የተሻለ ቅርጽ አለውና። 32 ግሬኑ ግን እጅግ ፈጥኖ ቢነሣም ፍጥነቱን ቶሎ ስለሚጥል፣ 204ን ከመረጥሽ 40 ግሬኑን እንድትይዢ እመክርሻለሁ።

204 ሌላም ብልጫ አለው፣ እኔም በጣም የምወድለት ይህን ነው፦ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ግፊት እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ቃታውን ስትስቢ ዒላማው ከማነጣጠሪያው መነጽር ውስጥ አይጠፋብሽም። አረሩ የት እንዳረፈ በዓይንሽ ታያለሽ፤ እንስሳው መሞቱን ወይም መሳትሽን ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ግን 223ን ግዢ እልሻለሁ። ምክንያቴ አንቺ ገና ጀማሪ መሆንሽ ነው። እንስሳን ሳያሠቃዩ በአንድ ጥይት መግደል የሚቻለው ብዙ ተኩሶ በመለማመድ ነው፤ ለልምምድ ደግሞ በየቦታው የሚገኝ፣ በብዙ ፋብሪካ የሚሠራና ርካሽ የሆነ ጥይት ያስፈልጋል። ይህ 223 ነው። የ204 አረሮች በአብዛኛው ከ24 እስከ 45 ግሬን ባለው ውስጥ ሲሆኑ፣ የ223 ግን ከ40 ግሬን በታች ጀምሮ እስከ 77 ግሬንና ከዚያም በላይ ስለሚደርሱ፣ ነገ ከነዚህ ተለቅ ያለ እንስሳ ቢያስቸግርሽ ሌላ ጠመንጃ መፈለግ አያሻሽም። ለዓመታት ተለማምደሽ ከ250 ሜትር በላይ በነፋስ ውስጥ መተኮስ ሲያምርሽ፣ ያን ጊዜ 204ን እኔው ራሴ እገዛልሻለሁ።

ስትገዢ በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብቢ። 223 ሬሚንግተን ብቻ የሚል ከሆነ፣ መልኩ ተመሳሳይ የሆነውን የጦር ሠራዊት 5.56 ጥይት አታጉርሺበት፤ ጥይቱ የሚገባበት ክፍል አሠራሩ ስለሚለይ፣ ግፊቱ ከሚገባው በላይ ሊሆን ይችላል። 5.56 ተብሎ የተጻፈበት ግን ሁለቱንም ይተኩሳል። ከአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞርም ጠይቂ፤ በ12 ኢንች የሚዞረው ለቀላል አረር ብቻ ሲሆን፣ በ9 ወይም በ8 የሚዞረው ከባዱንም አጽንቶ ይልካል። ባለ 9 ቢሆንልሽ ደስ ይለኛል።

የምትገዢው ጥይት ለእንዲህ ያለው አደን የተሠራ፣ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ወይም ክፍት የሆነ አረር ያለው ይሁን። እንዲህ ያለው አረር ሲመታ ወዲያው ይሰባበራል፤ እንስሳውም ሳይሠቃይ ይሞታል። ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነው ግን አቁስሎ አልፎ ይሄዳል፤ ድንጋይ ቢያገኝም ነጥሮ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ያም ሆኖ የሚሰባበረውም ቢሆን ከሳተ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ስለሚችል፣ ከዒላማሽ ጀርባ አፈር ወይም ጉብታ ካልታየሽ በቀር ጣትሽ ቃታው ላይ አይረፍ። ጆሮሽንም ጠብቂ፤ የሁለቱም ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ አንዴ የተጎዳ ጆሮ አይድንም።

አፈሙዙ በእጅ ለመንካት የሚያቃጥል ሲሆን ተኩሱን አቁመሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፤ በተከታታይ የሚተኩስ ሰው የአፈሙዙን ዕድሜ በራሱ እጅ ያሳጥራል። የፈቃድ ወረቀትሽን ሳትጨርሺ ግን ምንም አትግዢ። ጠመንጃው በእጅሽ ሲገባ ከሁለት ወይም ከሦስት ፋብሪካዎች አንዳንድ ሣጥን ጥይት ወስደሽ በ100 ያርድ በወረቀት ላይ አምስት አምስት ተኩሺበት፤ ቀዳዳዎቹን እጅብ አድርጎ የሚመታልሽን ለይተሽ ያዢ፤ ወረቀቶቹንም ላኪልኝና አብረን እንያቸው።

አባትሽ