ለወላጆች፦ ስልኩንም የአያትን ድምፅም አውሱን

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ ስለ ቅዳሜው የሙዚቃና የኮምፒውተር ክበብ

ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን አንድ አባት ቢሮዬ ገብተው፣ ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «ጋሼ፣ ልጄን ሐኪም ይሆናል ብዬ ብልክ እናንተ አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» አሉኝ። ቡና ጋበዝኋቸው፤ ተጨዋወትን። ሲወጡ ግን ሙሉ በሙሉ ያመኑ አልመሰለኝም። እሳቸውን የከነከነ ነገር ሌሎቻችሁንም ሳይከነክን አይቀርም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራውን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በእናቷ ስልክ የቡና ውቀጣ ቀድታ መጣች። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ውስጡ ዘነዘና አለ፣ ዶሮ አለ፣ መጨረሻው ላይ «በቃ ዝጊው፣ ባትሪዬን ጨረስሽው» የሚል የእናት ቁጣ አለ። ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባል ፕሮግራም ከፈትነው። ኦዳሲቲ ድምፅ መቅጃና መቁረጫ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ በነፃ ይታደላል። አንዴ በፍላሽ ካመጣችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም። የእኛን ኔትወርክ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ስክሪኑ ላይ ጸጥታው ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። የዘነዘናው ምት በየተራ ሾል ሾል ብሎ ቆመ። ልጆቹ ድምፅን በዓይናቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጅቱ አንዱን ምት ቆርጣ አወጣች፣ ስድስት ጊዜ ደረደረችው፣ አንደኛውንና አራተኛውን ጎላ አደረገቻቸው። ሲጫወት ከኋላ ወንበር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስክስታ የሚያስወርደው ምት ይኸው ነዋ!

የሂሳብ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ገባና ሰሌዳው ላይ የምቱን አቆጣጠር 6/8 ብሎ ጻፈ። ወዲያው አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይቃለላል እኮ፣ 3/4 ነው» አለ። በሂሳብ ልክ ነው። በሙዚቃ ግን አይቃለልም። 6/8 ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ 3/4 ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጎ ለሦስት። ሁለቱንም ጠረጴዛ እየመቱ ሞከሩት። በ3/4 እስክስታው እምቢ አለ። እኔ በሃያ ዓመት ማስተማር ክፍልፋይ እንዲህ ሲያከራክር አላየሁም።

«ይሄ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ነው» ለምትሉኝ ደግሞ፣ እኛ ጎጃሞች ነን። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ደግሞ አያቀርብም። ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናለታል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ያችው ሁለት ቤት ሰምና ወርቅ ትሸከማለች። የመጀመሪያውን ሥራ የሰጠናቸው ከዚያ ተምረን ነው። ሁለት ድምፅ ብቻ ከቤት አምጡ፣ በነሱ ብቻ አንድ ደቂቃ ሥሩ አልናቸው። ብዙ ድምፅ የፈቀድንላቸው ጊዜ ሁሉንም አንድ ላይ ይከምሩትና ገበያ ይሆናል።

ኔትወርክ ሲገኝ የምንከፍተው ሌላ ነገር አለ፤ ክሮም ሚውዚክ ላብ ይባላል። እሱም ነፃ ነው፤ መመዝገብም አይጠይቅም። በውስጡ ካሉት አንዱ፣ ሶንግ ሜከር የሚባለው፣ ባለ ብዙ ሳጥን ሰንጠረዥ ነው፤ ሳጥኑን ስትነኩት ቀለም ይይዛል፣ ድምፅ ይሰጣል። ከማስተካከያው (ሴቲንግ) ውስጥ ፔንታቶኒክ የሚለውን ስንመርጥ አምስት ድምፅ ብቻ ቀረ። ክራር የሚሞክር አንድ ልጅ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ «ትዝታ ነው እኮ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት እነዚያው አምስቱ ናቸው። ከዚያ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ፈለጉ፤ እዚያ ውስጥ የለም። አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ከፍተው አምስቱን በጆሯቸው እየለቀሙ የክበቡ ሰዓት በሙሉ አለቀባቸው። ባቲንና አምባሰልን ለሌላ ቅዳሜ አቆይተናል።

ስክራች የሚባለውን የኮዲንግ መማሪያም አምጥተናል። አሜሪካ ያለው ኤምአይቲ የሠራው ነው፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ጭነነዋል። ድመቷ በከበሮው ምት እንድትዘል ማድረጉ ላይ ነን፤ ገና ነው።

የኔንም ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያውን የልጆች ሥራ በፍላሽ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ለባለቤቴ ላሰማ ስል ስልኬ አልከፍት አለኝ። ለካ ያስቀመጥሁት የኦዳሲቲውን የሥራ ፋይል ኖሯል፤ ኤምፒ3 አድርጎ ማውጣት ነበረብኝ። ሰኞ ልጆቹ ሳቁብኝ። እናንተ ዘንድም ልጃችሁ «አልከፍት አለኝ» ካለ ይህንን ጠይቁት። ሳይታመቅ የተቀመጠ የአንድ ደቂቃ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ኤምፒ3 ሲሆን ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። ስልካችሁ ሞላ ብላችሁ እንዳትቆጡ።

አሁን የምንለምናችሁን ልንገራችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ስልክ አውሷቸው። ካርድ መሙላት አያስፈልግም፤ መቅጃ ካለው ይበቃል። አያቶች ካሉ ደግሞ ዝም ብለው እንዳይቀመጡ። የአጨዳ ዘፈን፣ ቀረርቶ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ለልጁ ያንጎራጉሩለት። ስልክ ፊት የሚያፍሩ ከሆነ ስልኩን መደብ ላይ አስቀምጦ ወሬ መጀመር ነው፤ ዘፈኑ ራሱ ይመጣል። ልቅሶ ቤት ግን ሳያስፈቅዱ ሙሾ እንዳይቀዱ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የሰው ዘፈን ቆርጦ የራሴ ነው ማለት በክበባችን አይቻልም። የልጆቹንም ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አንለጥፍም፤ እናንተም ተዉት።

የፈተና ጉዳይ ለሚያሳስባችሁ፣ ክበቡ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ነው። ከትምህርት ሰዓት አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸው ሲቃረብ ያርፋሉ። ያ ሐኪም የሚሆነው ልጅም እዚሁ ክበብ ውስጥ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ የራሱን የልብ ምት ካልቀዳሁ ብሎ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሲታገል ነበር።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የትምህርት ቤቱ መሰንቆ ጭራው አልቋል። ፈረስ ያላችሁ ወላጆች አንድ እፍኝ የጭራ ፀጉር በልጃችሁ እጅ ብትልኩልን እናመሰግናለን። ታጥቦ ቢመጣ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህሩ