ደሙ ይሂድ፣ ታማሚዋ ትቅር

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ከኮምቦልቻ ደሴ የምመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። የሐረጎን ዳገት በቀን አራት አምስት ጊዜ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የምጭነው ሰው ብቻ አይደለም። የቤት ካርታ፣ የተረሳ ስልክ፣ ለሠርግ የተሰፋ ቀሚስ፣ ለአራስ የተላከ ቅቤ እጭናለሁ። «ሹፌር፣ ይቺን አድርስልኝ፣ መናኸሪያ ይቀበሉሃል» ይሉኛል። አደርሳለሁ። ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ታናሽ እህቴ ሉፐስ የሚባል፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ አለባት። ዕድሜዋ 24 ነው። መጀመሪያ ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ ቀይ ነገር ሲወጣባት ሰፈሩ ሁሉ «ምች ነው» አለ። እናታችን ዳማከሴ አሸችላት። ፀሐይ ሲነካት ይብስባት ስለነበር ምች መምሰሉ አይገርምም። ቀጥሎ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያማት ጀመር። ከዚያ ጠዋት ስትነሳ የዓይኗ ዙሪያ ያብጣል። ሽንቷም አረፋ ይሠራ ነበር፤ እሱን ግን ለማንም አልነገረችም። ማን ስለ ሽንቱ ያወራል?

በኋላ ያገኘነው ሐኪም ሹፌር መሆኔን ሲሰማ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነገር ሥራው ጀርም መያዝ ነው። ሉፐስ ያለበት ሰው ላይ ግን የገዛ ሕዋሱን አስኳል፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር ይይዛል። ያ ሁሉ ተያይዞ ኩላሊት ላይ ይከመራል። ኩላሊት ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ሲቆስል ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን በሽንት ያመልጣል። ከ10 የሉፐስ ታማሚ አራት አምስቱን ኩላሊታቸው ላይ ያገኛቸዋል።

ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ የሕዋስ አስኳል የሚይዘውን ፀረ እንግዳ አካል ይፈልጋል፤ እሱ ግን ጤነኛ ሰው ላይም ሊገኝ ስለሚችል እሱን ብቻ ይዞ ሉፐስ ነው አይባልም። ለኩላሊት የበለጠ የሚጠቁመው አንቲ ዲኤንኤ የሚሉት፣ ዲኤንኤውን የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ሲወጣ፣ ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ደግሞ ሲወርዱ፣ ኩላሊቱ ሊታወክ እንደሆነ ቀድመው ሊያሳብቁ ይችላሉ። ዳሽቦርድ ላይ እንደምትበራ መብራት ማለት ነው። በራች ማለት ሞተሩ ነደደ ማለት አይደለም። ሳትበራም የሚነድበት ጊዜ አለ። ቁርጡን የሚናገረው ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው። ግን መብራት የሌለው መኪና ማን ይነዳል?

እኛ የሄድንበት ቦታ እነዚህን ምርመራዎች አይሠራም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ሲሆን። እግሯ ያበጠ ልጅ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ተቀመጠች። ደረስን። ሁለት ብልቃጥ ደም ተቀዳ። ሁለት ብልቃጥ! ለአራስ ከማደርሰው ቅቤ ያንሳል። ውጤቱ እስኪመጣ አልጋ ይዘን ጠበቅን። «ከሦስት ወር በኋላ ድገሙ» ተባልን። አልደገምንም፤ ብር አልነበረንም። በአራተኛው ወር ፊቷ እንደገና አበጠ።

ክቡር ኃላፊ፣ ማሽን ይገዛልን ብዬ አልመጣሁም። ማሽን ቢገዛም ኬሚካሉ አልቆ ፕላስቲክ ለብሶ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። እኔ የምለው ደሙ ይጓዝ ነው። የቲቢ አክታና የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን የሚለካበት ደም በፖስታ ቤት በኩል ሲጓጓዝ ዓመታት ሆኖታል። ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ቶሎ የሚበላሽ ነገር አይደለም። ሴረሙ፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚለየው ውሃው፣ ተለይቶ ቀዝቃዛ ቦታ ከተያዘ ቀናት ይቆያል። ሲ3 እና ሲ4 ናቸው ትንሽ የሚቀብጡት፤ በደንብ መቀዝቀዝ ይፈልጋሉ። መንገዱ ተጠርጓል፣ ሳጥኑም አለ። የእህቴ ብልቃጥ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቦታ አያጣም።

ሌላው ርካሽ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ስትሄድ ሽንቷ ለፕሮቲን ይታያል። የሉፐስ ታማሚም በመጣች ቁጥር እንዲሁ ይታይላት። ከ10 ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜያቸው። ፕሮቲን ከተገኘ መጠኑ ይለካ። በቀን ግማሽ ግራም ከደረሰ ሐኪም ባዮፕሲ፣ ያንን ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰደውን ናሙና፣ ያስባል። አንዲት ነርስ ቀደም ብላ «ሽንትሽ አረፋ አለው ወይ?» ብላ ብትጠይቃት ኖሮ እህቴ ትናገር ነበር። የጠየቃት ነርስ ስለሌለች ብቻ ነው እንዳልል፣ እኔም አብሬያት እየኖርኩ አልጠየቅኳትም።

ቀጣዩ ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው። ሳጥኑን ካዘጋጁልን ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለውን እኔ አደርሳለሁ። ሒሳብ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምቦልቻ–ደሴ መስመር ሹፌር