ለክሪ፣ ለዴኔና ለሜቲ አባቶችና እናቶች፣ ለቤተሰቦቻቸውም፦ የምስጋና መልእክት

በአልበርታ በሱስ ማገገሚያ፣ በዲቶክስ (መጠጥና ዕፅ ከሰውነት በሚወጣበት ክፍል) እና በመጠለያ የምንሠራ አማርኛ ተናጋሪ አማካሪዎች፣ ነርሶችና የሌሊት ተረኞች ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ተገልጋዮች ጋር የምንሠራበትን ሥልጠና ዘንድሮ ፈጽመናል። ያስተማሩን ከእነዚሁ ሕዝቦች የሆኑ የክሪ፣ የዴኔና የሜቲ አባቶችና እናቶች፣ ማለትም ሽማግሌዎቻቸው ናቸው። ከእነርሱም ጋር መጥተው የቤታቸውን ነገር በፈቃዳቸው ያካፈሉን ቤተሰቦች አሉ። ፊት ለፊት በእንግሊዝኛ አመስግነናቸዋል። በአማርኛ የምንጽፈው በኤድመንተን፣ በካልጋሪና በዊኒፔግ በዚሁ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ምስጋናው ስለ ምን እንደሆነ በዝርዝር እንዲያውቁት ብለን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አስቀድመን የምናመሰግናችሁ ይህን ሥራ የጀመርነው እኛ እንዳልሆንን ስላሳያችሁን ነው። የነባር ሕዝብ ተወላጆች የሆኑት ባልና ሚስት ፊሊስና አንዲ ቼልሲ በብሪትሽ ኮሎምቢያ፣ አልካሊ ሌክ በተባለው መንደራቸው መጠጥ መተው የጀመሩት በ1972 ነው፤ መንደሩም ቀስ በቀስ ተከተላቸው። ኤድመንተን አጠገብ ያለው ፓውንድሜከርስ ሎጅ በ1973፣ ብዙ የነባር ሕዝቦች አማካሪዎችን ያፈራው ኔቺ ተቋም በ1974 ተመሠረቱ። ፓውንድሜከርስ ሎጅ የቆመበት መሬት ቀድሞ የአዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ እንደነበረም ነግራችሁናል።

ታሪኩን የነገራችሁን እንድናዝን ሳይሆን ለሥራችን እንዲጠቅመን ነው። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው ተለይተው አብያተ ክርስቲያናት ለመንግሥት በሚያስተዳድሯቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ስለሆነ ዛሬ ፊታችን የሚቀመጠው የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው የተማሪዎቹ ልጅ ብቻ ሳይሆን ራሱም ተማሪ የነበረ ሊሆን ይችላል። ነባር ሕዝቦችን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ የኢንዲያን አክት በ1884 ሲሻሻል ፖትላች የተባለውን፣ ስጦታ የሚከፋፈልበትን የግብዣ ሥርዓት ከለከለ፤ ቆይቶም ሌሎች ሥርዓቶች ተከለከሉ፤ ክልከላው ከሕጉ የወጣው በ1951 ነው። ሐዘን የሚወጣባቸውና ዘመድ የሚሰባሰብባቸው ሥርዓቶች ያስቀጡ ነበር ማለት ነው። ይህን የተረዳ አማካሪ «ለምን ይጠጣሉ?» ብሎ አይጀምርም፤ «መጠጡ ምኑን ያስታግስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነው፣ ወይም ሐዘን።

«የባህል ደኅንነት» የሚባለውን ሐሳብ በኒውዚላንድ ያዳበረችው የማኦሪዋ ነርስ ኢሪሃፔቲ ራምስደን ናት። እናንተም አጥብቃችሁ ያስያዛችሁን ነጥብ ይኸው ነው፦ አገልግሎቱ ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ተቀባዩ እንጂ ሰጪው አይደለም። «እኔ ሁሉንም ሰው እኩል ነው የማየው» ማለት ለዚህ አይበቃም። ብራየን ሲንክሌር በ2008 በዊኒፔግ በአንድ ድንገተኛ ክፍል ለ34 ሰዓት ያህል ሳይታከም ቆይቶ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ሰክሮ የተኛ መስሏቸው ነበር። የገደለው ሊታከም የሚችል የፊኛ ኢንፌክሽን ነው። ስለዚህ ምላሱ የተያዘ ወይም የሚንገዳገድ ሰው ሲመጣ ስኳሩ፣ ጭንቅላቱን መመታት አለመመታቱ፣ ትኩሳቱና አተነፋፈሱ ይታያል። ስካር የሚባለው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ስለ መጀመሪያው ቀን ላስተማራችሁን ልዩ ምስጋና አለን፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ሻይ ይቀዳል፣ ወንበሩ በሩን እንዲያይ ይደረጋል፣ በሩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ ተብሎ ይጠየቃል። አማካሪው አስቀድሞ ከየት እንደመጣና የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል። ይህ ለሐበሻ ከባድ አይደለም። በዕለቱ የማይታለፉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ መጨረሻ የጠጡት ወይም የወሰዱት መቼና ምን ያህል ነው? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ጥሏቸው ያውቃል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ራሳቸውን የማጥፋት ሐሳብ አላቸው? ዛሬ ማታ የት ያድራሉ? የቀረው ሁሉ ይደርሳል። በተለይ «አዳሪ ትምህርት ቤት ምን ደረሰብዎት?» የሚለው ጥያቄ በቅጹ ላይ ስላለ ብቻ አይጠየቅም። ቁስሉን ከፍተን፣ ሰዓቱ አልቆ ሰውየውን ወደ ጎዳና ስንሸኘው ያን ማታ የሚጠጣው እኛ ባነሳሳነው ምክንያት ይሆናል። በምትኩ የእንቅልፉን ነገር፣ የሚያስደነግጠውን ድምፅና ሽታ፣ የሚከብደውን ወር እንጠይቃለን። ሴፕቴምበር ልጆች ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚወሰዱበት ወር ስለነበር ለብዙዎች ዛሬም ይከብዳል።

ጠይቆ ዝም ማለትንም ከእናንተ ተምረናል። መልስ ዘግይቶ ሲመጣ በሌላ ጥያቄ አንሞላውም። ዓይን ዓይናችንን ያላየውን ሰውም «ይሸሻል፣ ይደብቃል» ብለን መዝገብ ላይ አንጽፍም፤ እኛም ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሰውየው በሐሳብ ርቆ ሲሄድብን፣ ፊቱ ሲደርቅና ሲንቀጠቀጥ አንነካውም፣ «ተረጋጋ» አንለውም። ስሙን ጠርተን፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ነግረን፣ እግሩን ወለሉ ላይ እንዲጭን ጠይቀን፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንሰጠዋለን። የዕለቱ ውይይትም እዚያው ይቆማል።

ልጆቻቸውን ስለማጣት ፍርሃት ለነገሩን እናቶች የምንለው ቃል ያጥረናል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በ2021 ቆጠራ መሠረት በካናዳ በአሳዳጊ ቤት ከሚኖሩ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የነባር ሕዝቦች ልጆች ናቸው። እናት እርዳታ ሳትጠይቅ የምትቆየው፣ ጠይቃም መጠኑን የምትቀንሰው ለዚህ ነው። ከእንግዲህ የምንጠብቀው ቅደም ተከተል እነሆ። እርሷ ከመናገሯ በፊት በሕግ የማሳወቅ ግዴታ ያለብን በምን በምን እንደሆነ በቀላል ቃል እንነግራታለን። ሱስ ብቻውን ልጅ ተጎድቷል ማለት አለመሆኑንም እንነግራታለን። ቀጥለን ለሕክምና ስትገባ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ አብረን እናቅዳለን፤ ኮኩም የሚሏት አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ስማቸውና ስልካቸው በወረቀት ይሰፍራል። በጃንዋሪ 1፣ 2020 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕግ ልጅ ከወላጅ ከተለየ ቅድሚያ ለቤተሰብ አባል፣ ከዚያም ለራሱ ማኅበረሰብ እንዲሰጥ ስለሚያዝ ይህ ወረቀት ዋጋ አለው። ማሳወቅ ግድ ከሆነም ከጀርባዋ አይደረግም፤ ስልኩ እርሷ አጠገባችን ተቀምጣ ይደወላል፣ እቅዱም አብሮ ይነገራል።

የሌሊት ተረኞቻችን ስለ ባትሪ መብራቱ ላስረዳችሁን እናት ምስጋናቸው ብቻውን እንዲጻፍ ጠይቀዋል። በአዳሪ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍል በሌሊት የሚመጣ ሰው ምን ማለት እንደነበረ ያወቀ ሠራተኛ የተኛ ሰው ፊት ላይ መብራት አያበራም። ይሁንና ቁጥጥሩ አይቀርም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አተነፋፈስ መታየት አለበት። ስለዚህ አመሻሹ ላይ «በየስንት ሰዓቱ እንደምመጣ፣ ስምዎን ከበሩ እንደምጠራ፣ መብራቱን ወደ ወለል እንደማደርግ» ተብሎ ከሰውየው ጋር ይስማሙበታል። ለሴቶች ክፍል ሴት ተረኛ ብትሆን ይመረጣል። ክፍልና ሻንጣ ሲፈተሽም ምክንያቱ አስቀድሞ ይነገራል፣ ባለቤቱም ቆሞ ያያል።

ከዚህ ጋር በቀጥታ ለወገኖቻችን የምንለው አለ። አብዛኞቻችን አማኞች ነን፤ ማተባችንና መስቀላችን አንገታችን ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹን ያስተዳድሩ የነበሩት ግን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ማንም ማተብህን በጥስ አላለንም። ይሁን እንጂ መስቀሉ ለተገልጋዩ ሌላ ሰው ሊያስታውሰው እንደሚችል እናስብ፤ ሳንጠየቅ አንስበክ፣ ሳናስፈቅድ አንጸልይ። በተቃራኒውም ብዙ ኮኩሞች ካቶሊክ ወይም አንግሊካን ናቸው፤ ነባር ሕዝብ ሁሉ በባህሉ ሥርዓት ብቻ ይጽናናል ብሎ መገመትም ያው ስሕተት ነው። የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ኢኑይት ሴጅ በተባለው ቅጠል ጭስ በልማድ አይታጠኑም፤ የሜቲውም ከክሪው ይለያል። የሚያዋጣው «ምን ያጽናናዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሥርዓትን በተመለከተ ያስያዛችሁን ደንብ ቀላል ነው። አባቶችን ለጸሎት ወይም ለምክር ስንጠይቅ ትንባሆው አስቀድሞ ይቀርባል፣ ጥያቄው ይነገራል፤ ትንባሆውን መቀበላቸው ጥያቄውን መቀበላቸው ነው። ሽማግሌ ዘንድ ባዶ እጅ እንደማይኬድ የሚያውቅ ሐበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሚሰጣቸው ክፍያ በዕለቱ እጃቸው ይገባል፤ ደረሰኝ አስሞልቶ ለሳምንታት ማስጠበቅ ንቀት ነው። የመጓጓዣና የረዳታቸው ወጪም ይታሰባል። ስመጅ የሚባለው የማጠን ሥርዓት ባለበት ሕንፃ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጉዳይ ከጥገና ክፍል ጋር ቀደም ብሎ ያልቃል፤ በሥርዓቱ መካከል ደወል ጮኾ ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ሲሮጥ በደሉ ቀላል አይደለም።

የላብ ጎጆን (በጋለ ድንጋይ እንፋሎት እየላቡ የሚጸልዩበትን ሥርዓት) ነገር ከነርሶቻችን ጋር በግልጽ ስለተነጋገራችሁ እናመሰግናለን። አልኮል በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ያለበት፣ ሊገድል የሚችል ሕመም ሊከተል ይችላል። በእነዚህ ቀናት ሰው ሐኪም ዘንድ እንጂ ጎጆ ውስጥ አይሆንም። ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የግፊትና የስኳር ሕመምተኞችም ከሐኪምና ከጎጆው ጠባቂ ጋር ሳይማከሩ አይገቡም። ለኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ላሉ ዕፆች) ሱስ የሚታዘዙትን ሜታዶን ወይም ሱቦክሶን የሚወስድ ሰው ለሥርዓቱ ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ የጎጆው ጠባቂ ካልፈቀዱም ሌላ ሥርዓት እንደሚፈለግለት ተስማምተናል። ሚክማው ከተባለው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሽማግሌዎች አልበርትና ሙርዴና ማርሻል «ሁለቱንም ዓይን ገልጦ ማየት»፣ ማለትም በአንዱ በነባሩ እውቀት በሌላው በምዕራቡ ሳይንስ ማየት፣ ያሉት ይህንን ዓይነቱን ስምምነት ነው።

ቤተሰቦች ሆይ፣ የማገገሚያው መጨረሻ አደገኛው ቀን መሆኑን ያስረዳችሁን እናንተ ናችሁ። ለሳምንታት የታቀበ ሰው አካሉ ልምዱን ስለሚያጣ ቀድሞ ይችለው የነበረው መጠን ይገድለዋል። ስለዚህ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ናሎክሶን (ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድን የሚያከሽፍ መድኃኒት) ይዞ፣ አጠቃቀሙንም ተለማምዶ ይጠብቀዋል፦ 911 ይደወላል፣ 4 ሚሊ ግራም የሚረጨው በአንድ አፍንጫ ይሰጣል፣ ትንፋሽ ይታገዛል፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ለውጥ ከሌለ በሌላኛው አፍንጫ ይደገማል። የሚፈለገው ትንፋሽ ነው፤ ፈንታኒሉ ቤንዞዳያዜፒን ከተባለው ማስተኛ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ሰውየው እየተነፈሰም ላይነቃ ይችላል። መድኃኒቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊያልቅ ስለሚችልም ብቻውን አይተውም።

ቀብር የሚሄድ ተገልጋይን «አቋረጠ» ብለን አልጋውን እንዳንሰጥበት የጠየቃችሁንም ተቀብለናል። ሐዘን ላይ አለመገኘት ሌላ ቁስል ነው። ማን አብሮት እንደሚሄድ፣ መጠጥ በሌለበት ቤት የት እንደሚያድር፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚይዝለትና የሚመለስበት ቀን ይጻፋል፤ አልጋውም ይጠብቀዋል። የመውጫ እቅዳችንን በ2015ቱ የፈርስት ኔሽንስ የአእምሮ ደኅንነት ማዕቀፍ አራት ነገሮች ከፋፍለናል፦ ተስፋ፣ የእኔ የሚሉት ወገን፣ የሕይወት ትርጉምና ዓላማ። በየአንዳንዱ ሥር የሚጻፈው የሰው ስምና የሚሠራ ሥራ ነው፤ «ከቤተሰብ ጋር መቀራረብ» የሚል ሐረግ አይበቃም።

ምግብ ላበሰላችሁልን፣ ከሩቅ መንደር ሽማግሌዎችን በመኪና ላመጣችሁ ወጣቶች፣ የክሪውን ቋንቋ ላስተረጎማችሁልን እህቶች፣ ስብሰባው ሲከብደን ደጅ ወጥታችሁ አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። የተስማማንባቸው ነገሮች በየመሥሪያ ቤታችን መጠበቃቸውን መጥታችሁ እንድታዩ ጠይቀናችኋል፤ በክረምቱ መጀመሪያ ትንባሆውን ይዘን እንመጣለን።

በአልበርታ በሱስ ማገገሚያ ሥራ የተሰማራን አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች